ከሜዳው ከፍ በሉ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ድንኳን ተክሎ ማደር ገና ብዙ ሰው ያልቀመሰው ደስታ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ደጋውም ወይና ደጋውም ይገኛል። ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፤ ድንኳን፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውሃ። የአካባቢውን ጸጥታ ሳያጣሩ አለመውጣትንም ሁሉም ያውቀዋል።

መሬቱን በተመለከተ ግን ጥቂት ልቆጣ። በአሜሪካ ምዕራብ፣ በቀይ ዓለቱ በረሃ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በሚያስተዳድረው ሰፊ መሬት ላይ መንገደኛ በአብዛኛው እስከ 14 ቀን ያለ ክፍያ ሊሰፍር ይችላል። እኛ ዘንድም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይህን ጠቅሶ ያለ ማንም ፈቃድ ካስማ የሚመታ ወጣት አጋጥሞኛል። ባዶ የመሰለው ሜዳ ግን የወል ግጦሽ ነው፤ ቁጥቋጦ የለበሰው ተራራ እንዲያገግም ከከብት የተከለለ ነው፤ የጎፍ ተራራ ደግሞ የመንግሥት ደን ነው። ቀበሌውን አስፈቅዱ፤ ቅርብ ያለውንም ቤት ሰላም በሉ። ወሎ እንግዳ አይጠላም፤ ሳይጠይቅ የገባ ግን እንግዳ አይባልም።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። ቦታ መራጭ ሁሉ ዓይኑ ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ያርፋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም። ሰማዩ በጠራበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቃል። መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ይከብዳል። እንደ ውሃ ቁልቁል እየተንሸራተተ ወርዶ ከሜዳው ላይ ይጠራቀማል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ስለተማርን፣ ከፍ ያለው ሁሉ ይበልጥ የሚበርድ ይመስለናል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሜዳው ጥቂት ከፍ ያለው የተራራ ወገብ ከታችኛው ይሞቃል። ገበሬው ይህን ከማንም በፊት ያውቃል፤ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው የታችኛውን ባቄላ ነው። ቦሩ ሜዳ አጠገብ አንድ አባት ድንኳናችንን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ውርጭ ከሚተኛበት ምን አስተኛችሁ? ወደዚህ ውጡ እንጂ» ብለው ከአውድማቸው ዳር አሳደሩን።

«ነገሥታቱስ ሜዳ ላይ ይሰፍሩ አልነበረም?» የሚለኝ አይጠፋም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. ያደረጉት እዚያው ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። ወሩ ግን ግንቦት ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው የሚይዝ ተዳፋትም አይገኝም። እናንተ ሦስት ወይም አራት ናችሁ።

ስለዚህ ከተራራው ግርጌም ከጫፉም ራቁ፤ ጫፉ ነፋስ አለበት። መካከል ላይ ድንኳን የሚያስቀምጥ ጠፍጣፋ ቦታ ፈልጉ፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ቶሎ ይደርስላችኋል። ከቦታው በታች ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ካለ የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር ገድቦ እናንተው ላይ ያስቀረዋል፤ እዚያ አትትከሉ።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ቆላ የምትወርዱ ደግሞ ብርዱን ተዉት፤ የሚያሳስበው ደራሽ ውሃ ነው። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ያለው አሸዋ ለጀርባ ይመቻል፤ ያን አሸዋ ያነጠፈው ግን ጎርፍ ነው። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ኮከብ እንደሞላ ውሃው ሌሊት ሊደርስ ይችላል። ያለፈው ጎርፍ ቁጥቋጦው ላይ አንጠልጥሎ የተወውን ገለባና ጭራሮ አይታችሁ፣ ከዚያ ምልክት በደንብ ከፍ ብላችሁ ስፈሩ።