አንዴ ተጽፎ ብዙ ቦታ የሚደርስ መረጃ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በወንበርማ ዙሪያ በቆሎና በርበሬ የሚያመርት ገበሬ ምርቱን ወደ ገበያ ከማውጣቱ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ዋጋው ስንት ገባ፣ ዝናቡ መቼ ያባራል፣ ተምቹ በየትኛው ወረዳ ታየ። መረጃው ጨርሶ የለም አይባልም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ ዋጋን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና በ929 የስልክ መስመር ሲያሰማ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የ8028 የስልክ መስመርም የእርሻ ምክር በነጻ ያስደምጣል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት ያለው መረጃ ወደ ሌላው የሚሻገረው አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ ነው፤ ለሬዲዮ አንዱ ደውሎ ያስጽፋል፣ ለቴሌግራም ሌላው ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ ለስልክ መስመር ደግሞ ሌላ ሰው ድምፅ ይቀርጻል። በዚህ መሀል ቀን ይባክናል፣ ቁጥርም ይሳሳታል። መፍትሔው ከ25 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዌብ አሠራር ነው ብዬ እከራከራለሁ። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም ቡሬ ላይ ያለው የደብረ ማርቆስ ካምፓስ፣ በድኅረ ምረቃ ሴሚናር ደረጃ ሊያስተምሩት ይገባል።

ይህ አሠራር ፊድ ይባላል። ፊድ አንድ ተቋም ያወጣቸውን አዳዲስ መልእክቶች በታወቀ ቅርጽ የሚዘረዝር ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን በወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንዳለ የማስታወቂያ ሰሌዳ ልናየው እንችላለን። ለጣፊው አንባቢዎቹን መቁጠርም ሆነ ማወቅ አያስፈልገውም፤ የፈለገ መጥቶ ያያል። ልዩነቱ መጥቶ የሚያየው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም መሆኑ ነው። የሬዲዮ ጣቢያው ኮምፒውተር፣ የቴሌግራም ቦቱ፣ የስልክ መስመሩ ሰርቨር ሁሉም ያንኑ ፋይል ያነባሉ፤ እያንዳንዱም ለራሱ አድማጭ በሚስማማው መልክ ያቀርበዋል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሮይ ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ የዌብን ብርታት ያየው እዚህ ላይ ነበር፦ ሰጪና ተቀባይ አንዱ ስለሌላው ውስጣዊ አሠራር ሳያውቁ በጋራ ስምምነት ብቻ መግባባት ይችላሉ።

ስምምነቱ ግን በቀላሉ የመጣ አይደለም። የዌብ ማሰሻ ሠሪው ኔትስኬፕ አርኤስኤስ የተባለውን የፊድ ቅርጽ መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1999 ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ የገባበትም ዓመት ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ቅርጹ በተለያዩ ወገኖች እጅ ተከፋፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ፕሮግራመሩ ዴቭ ዋይነር አርኤስኤስ 2.0ን ሲያወጣ፣ ያልረኩት ደግሞ በ2005 አቶም የተባለውን ሌላ ቅርጽ በኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አካል አስጸደቁ። የሁለቱ ልዩነት ተራ የባለሙያ ንትርክ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። አርኤስኤስ መልእክቱ የማይለወጥ መለያ እንዲኖረው አያስገድድም፣ ቀኑንም በእንግሊዝኛ የወር ስም ያስጽፋል። አቶም እያንዳንዱ መልእክት መለያና የታደሰበት ጊዜ እንዲኖረው ግድ ይላል፣ ጊዜውንም በቁጥር ብቻ ይጽፋል፤ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚገለጽበትም ቦታ አለው። አንድ የቡሬ ባለሙያ «ሰኞ ጥር 5 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ የመዘገበው የበቆሎ ዋጋ በፊዱ ውስጥ 2025-01-13፣ 08:00፣ +03:00 ሆኖ መግባት አለበት። የዘመን አቆጣጠሩንም ሰዓቱንም የሚቀይረው ፕሮግራም ሰዓቱን ከረሳ የጠዋቱ ዋጋ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የወጣ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑን ከረሳ ደግሞ የትናንቱ ዋጋ የዛሬውን ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ይህን ስሌት ሌላ አገር ያለ ፕሮግራመር አያስብልንም።

ወጪውንም እናስላው። አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። 200 ፊደል ያለው የዋጋ መልእክት 600 ባይት ነው፤ ቅርጹን የሚያበጁት ምልክቶች ሲጨመሩ አንድ ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። 20 መልእክት የያዘ ፊድ እንግዲህ ከ20 ኪሎባይት ብዙም አይርቅም። ፎቶና ጌጥ የበዛበት የዘመኑ ድረ ገጽ በቀላሉ ሁለት ሜጋባይት ይደርሳል፤ በአንድ ገጽ ዋጋ መቶ ጊዜ ፊድ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። በዚያ ላይ አንባቢው ፕሮግራም «ባለፈው ካየሁት የተለወጠ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ለውጥ ከሌለ ሰርቨሩ 304 የሚል አጭር ምላሽ ብቻ ይሰጣል፤ ፋይሉ አይላክም።

ቴሌግራም እያለ ይህ ሁሉ ለምን የሚል ይኖራል። ቴሌግራም ለሰው ጥሩ ነው፤ ፎቶ የተነሳ ሠንጠረዥ ግን ቃል ተፈልጎ አይገኝበትም፣ አይደመርም፣ ለማያነብ ሰውም በድምፅ አይነበብለትም። ቻናሉ በተዘጋ ወይም ኩባንያው ሕጉን በለወጠ ጊዜ መዝገቡ አብሮ ይሄዳል። ፊዱ በተቋሙ በራሱ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ግን ቴሌግራም ከብዙ አከፋፋዮች አንዱ ብቻ ይሆናል። ሌላው መከራከሪያ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 የፊድ ማንበቢያውን ስለዘጋ ነገሩ ሞቷል የሚለው ነው። የተዘጋው አንድ ማንበቢያ እንጂ ቅርጹ አይደለም፤ ዛሬም ፖድካስት በአርኤስኤስ ይከፋፈላል፣ ካፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ቅርጽም በእነዚሁ ፊዶች ይሰራጫል። ገበሬው ስማርት ስልክ የለውም ለሚለው ደግሞ ፊዱን የሚያነበው ገበሬው እንዳልሆነ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ እሱ ሬዲዮ ይሰማል፣ ወይም በተራ ስልኩ ይደውላል።

ከሁሉ የሚከብደው የመስመር መቋረጥ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። መስመር በሌለበት የትኛውም ቅርጽ አይሠራም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ፊድ የሚረዳው መስመሩ በተመለሰ ሰዓት፣ ወይም አንድ ባለመስመር ቢሮ በተገኘ ጊዜ ነው። በአቶም እያንዳንዱ መልእክት መለያ ስላለው ተቀባዩ ያመለጠውን ለይቶ ያወርዳል፣ ያየውን አይደግምም። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምች በመሰለ ወረርሽኝ ጊዜ፣ የትኛው ወረዳ መቼ እንዳስጠነቀቀ በቅደም ተከተል የሚያሳይ መዝገብ ለተመራማሪም ለግብርና ባለሙያም ይጠቅማል። ለዚህ ግን ሰርቨሩ የቆዩ መልእክቶችን ማኖር አለበት፤ የቅርቦቹን 20 ብቻ ይዞ የቀረውን የሚጥል ፊድ ከረጅም መቋረጥ በኋላ አይረባም።

ሴሚናሩ ከነዚህ ጥያቄዎች ይጀምር። ተማሪዎቹ የአቶምን ሰነድ አንብበው የጳጉሜን ቀኖች የማያዛባ መቀየሪያ ይጻፉ፤ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን የእህል ዋጋ የሚያወጣ ፊድ ሠርተው ደካማ መስመር ባለበት ቀበሌ ይፈትኑት። የምዕራብ ጎጃም ዞን ግብርና መምሪያም በወረቀት የሚለጥፈውን ያንኑ ማስታወቂያ በጽሑፍ ፋይል ይስጣቸው።