ቢስክሌቱ ተሸጠ፤ መንገዱስ?

ባለፈው ወር በምሠራበት ንግድ ቤት አንድ ወጣት ደንበኛ ገብቶ፣ ወፍራም ጎማ ያለውን የተራራ ቢስክሌት ዋጋ ከጠየቀ በኋላ፣ «ይህን ገዝቼ የት ልንዳው? ደን ውስጥ ብገባ ከልካይ አለ ወይስ የለም?» አለኝ። ስለ ጎማው ስፋት፣ ስለ ፍሬኑና ስለ ማርሹ የምመልሰው ሞልቶ ሳለ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ አጣሁለት። ነገሩን ለአሠሪዬ ብነግራቸው፣ «ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዕቃው የሚሠራበትን ስፍራ ማወቅ ይገባዋል፤ በሌላ አገር እንዴት እንደ ሆነ ፈልገህ ጻፍ» ስላሉኝ፣ ያገኘሁትን ለክቡራን አንባቢዎች አቀርባለሁ። ከመጨረሻው አንቀጽ በቀር የተጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተራራ ቢስክሌት መነሻው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን ያለው የማሪን አውራጃ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1970ዎቹ ዓመታት ጥቂት ወጣቶች፣ ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የቀሩ ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ቢስክሌቶች እየለቀሙና እየጠገኑ፣ ለእሳት አደጋ መኪና በተቀደደ የተራራ መንገድ ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። በ1976 የጀመሩት እሽቅድምድም «ሪፓክ» ይባላል፤ ስሙም የወጣለት ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዘው ፍሬን ከሙቀት ብዛት የተነሣ ግራሶው ተቃጥሎ ስለሚያልቅ፣ ከቁልቁለቱ በኋላ ፈትቶ እንደ ገና መሙላት የግድ ስለ ነበር ነው። (ይህን ለመካኒካችን ባነብለት ከልቡ ሳቀ።) በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ሠራተኛ ለዚሁ ተግባር ብሎ አዲስ ቢስክሌት መሥራት ጀመረ፤ በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የንግድ ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ «ስተምፕጃምፐር» የተባለውን በፋብሪካ በብዛት አሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ንግዱ በአምስት ዓመት ውስጥ ከጓሮ ወደ ፋብሪካ ተሸጋገረ። ስለ መንገዱ ግን ማንም አላሰበበትም ነበር።

በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖችን የሚያስተዳድረው በ1905 የተቋቋመውና በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ያለው የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። በእጁ ያለው መሬት 78 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የእግርና የፈረስ መንገድ ርዝመት ከ250 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚህ መሬት ከፊሉ በ1964 በወጣው ሕግ መሠረት ጥብቅ ዱር ተብሎ ተከልሏል። ሕጉ በዚያ ክልል ባለ ሞተር ተሽከርካሪን ከከለከለ በኋላ፣ «ሌላም ዓይነት መካኒካዊ መጓጓዣ» አይገባም ይላል። ሙግቱ ሁሉ በዚህች ቃል ላይ ነው። ቢስክሌት ሞተር የለውም፤ ነገር ግን ሰንሰለትና ጥርስ አለው። መሥሪያ ቤቱ በ1966 ባወጣው ደንብ መካኒካዊ መጓጓዣ ማለት ሕይወት በሌለው ኃይል የሚነዳ ነው ብሎ ነበር፤ በዚህ ትርጉም ሰው በእግሩ የሚረግጠው ቢስክሌት ከክልከላው ውጭ ይሆናል። በ1984 ግን ደንቡ ተሻሽሎ ቢስክሌት በስሙ ተጠርቶ ተከለከለ። የተራራ ቢስክሌት ገበያ በሚደራበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ክልከላውን የሚደግፉት ሰዎች ያለ ምክንያት የሚቃወሙ አይደሉም። ለብዙ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ጸጥታ የሚፈልግ መንገደኛ፣ ወይም ደንጋጭ ፈረስ የተቀመጠ ሰው፣ ከጥምዝምዙ ጀርባ ድምፅ ሳያሰማ የሚወረወር ቢስክሌት ሲገጥመው መቆጣቱ አይፈረድበትም። በማሪን በሚገኘው በታማልፓይስ ተራራ የውሃ አገልግሎቱ መሥሪያ ቤት ቢስክሌቶችን ከቀጫጭኑ መንገዶች አስወጥቶ፣ በሰፊዎቹ ላይ ደግሞ የፍጥነት ወሰን አበጀ፤ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር፣ ሰው ሲያልፉ 8 ኪሎ ሜትር። የደን ጠባቂዎቹ እንደ ትራፊክ ፖሊስ የፍጥነት መለኪያ ራዳር ይዘው እስከ መቆም ደርሰዋል። ቢስክሌቱ የተወለደበት ተራራ ቢስክሌቱን ከለከለው ማለት ነው።

መንገዱን ያበላሻል የሚለው ክስ ግን ተመርምሯል። በ1994 በሞንታና በተደረገ ጥናት ዊልሰንና ሲኒ የተባሉ ተመራማሪዎች የእግረኛን፣ የፈረስን፣ የሞተር ሳይክልንና የቢስክሌትን ጉዳት አወዳድረው፣ ኮቴና ጫማ ከጎማ ይልቅ አፈሩን ለመሸርሸር እንደሚያጋልጡት፣ ይህም በረጠበ መንገድ ላይ ጎልቶ እንደሚታይ አገኙ። የመንገዱ ዋና ጠላት ውሃ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ከግማሽ እንዳይበልጥ፣ በአማካይም ከመቶ አሥር እንዳያልፍ አድርገው ይቀይሳሉ፤ ውሃው መንገዱን ተከትሎ ከመፍሰስ ይልቅ አቋርጦት እንዲያልፍ ማለት ነው። የገጠር ልጅ ሁሉ ቦይ ሲቀድ ያየውን ነገር በቁጥር አስቀመጡት ልበል።

በ1988 የካሊፎርኒያ ማኅበራት ተባብረው ዓለም አቀፍ የተራራ ቢስክሌት ማኅበር አቋቋሙ። እኔን እጅግ የገረመኝ የዚህ ማኅበር ዘዴ ነው። አባሎቹን ዶማና አካፋ አስይዞ፣ በእረፍት ቀናቸው ከደን ጠባቂዎች ጋር መንገድ ሲጠግኑ እንዲውሉ አደረገ፤ ቢስክሌተኛ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ይስጥ የሚለውንም ደንብ በየደኑ መግቢያ በምልክት አስለጠፈ። በጀት ያነሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በነጻ የሚሠራለትን ሰው በቀላሉ አያባርርም። በብዙ ስፍራ የተዘጋው በር የተከፈተው በዚህ ነው።

ሆኖም ሁሉም አልቀናቸውም። በአይዳሆ ዋይት ክላውድስ በተባሉት ተራሮች ቢስክሌተኞች ለዓመታት የሚመላለሱባቸው፣ በአገሩ ሁሉ ስማቸው የታወቀ መንገዶች ነበሩ። በነሐሴ 2015 ያ ስፍራ በምክር ቤት ሕግ ጥብቅ ዱር ሲሆን፣ በ1964ቱ ሕግና በ1984ቱ ደንብ መሠረት በአንድ ፊርማ ተዘጉባቸው። ከዚያ በኋላ ከቢስክሌተኞቹ መካከል ከፊሎቹ የ1964ቱ ሕግ ራሱ ይሻሻል ብለው ሌላ ማኅበር አቆሙ፤ ነባሩ ማኅበር ግን ከደን ተቆርቋሪዎች ጋር ያለንን ወዳጅነት ያፈርሳል ብሎ በ2017 የቀረበውን የማሻሻያ ረቂቅ ተቃወመ። በእኔ አስተያየት ነባሩ ማኅበር ልክ ነበር፤ የቀድሞ መንገዳቸውን ላጡት ሰዎች ግን ይህ ምን ማጽናኛ እንደሚሆናቸው አላውቅም።

ስኮትላንድ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ጀመረችው። በ2003 የወጣውና ከ2005 ጀምሮ የሠራው የመሬት ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከ ተጓዘ ድረስ በእግር፣ በፈረስም ሆነ በቢስክሌት በደንና በመስክ የማለፍ መብት ሰጠው፤ ሞተር አይገባም። የደን ኮሚሽኑ ደግሞ በደቡቡ ክፍል «ሰቨን ስቴንስ» በሚል ስም ለቢስክሌት ተብለው የተሠሩ መንገዶች ያሏቸውን ጣቢያዎች አቋቋመ። እንጨት ብቻ ይሸጥበት በነበረ ደን ዳር ዛሬ ቢስክሌት ይከራያል፣ ቡና ይሸጣል፣ ከለመዳሪ ይለጠፋል። ነጋዴ አንባቢ ይህን ልብ ይበል።

አዲሱ ጣጣ ባትሪ የተገጠመለት ቢስክሌት ነው። በ2019 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በሥሩ ባሉት መሬቶች እንደ ተራ ቢስክሌት ሊታይ ይችላል ሲል፣ የደን አገልግሎቱ ግን ሞተር ሞተር ነው ብሎ ከባለ ሞተሮቹ ጋር መድቦታል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንዱ መሬት የተፈቀደለት ቢስክሌት በሌላው ይያዝበታል። የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ለማስመጣት የምታስቡ ለደንበኛችሁ ይህን ልዩነት መንገር ግዴታችሁ ይመስለኛል።

ወደ ደንበኛዬ ጥያቄ ልመለስ። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የቢስክሌት መንገድ አለው፤ ወጣቱንም ወደዚያ መራሁት። ነገር ግን ከፓርኩ አጥር ውጭ በባሕር ዛፉ መካከል ያሉት ቀጫጭን መንገዶች ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና የጭነት አህዮች ቀድመው የያዟቸው ናቸው። በጀርባዋ ሸክም ያለባት ሴት ዞር ብላ ማየት አትችልም፤ ከኋላዋ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ጎማ ቢመጣ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ግልጥ ነው። አንድ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ከተጎዳ የሚዘጋው ለቢስክሌተኛው ብቻ ላይሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነገርኩት። የተራራ ቢስክሌት ከፋብሪካ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ደወል የለውም፤ እርሱም ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ ከደጃፍ ተመልሶ ደወል ጠየቀ። በመደብሩ አልነበረንም። አሠሪዬ በሚቀጥለው ትእዛዝ ሁለት መቶ ደወል እንድጨምር አዝዘውኝ ደብዳቤውን ጽፌያለሁ።