ስለ ድምፅ ማጉያ መሣሪያ

በሰርግ ድንኳን ውስጥ ዘፈን የሚያሰማ ሰው ዲጄ ይባላል። ዕቃውን በመኪና ጭኖ ከሰርግ ወደ ሰርግ ይዞራል። ዕቃው ብዙ ቢሆንም ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

መጀመሪያው ማይክሮፎን ነው፤ የሰውን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ሚክሰር ነው፤ ከማይክሮፎንና ከኮምፒዩተር የመጣውን እየመጠነ ያዋሕዳል። ሦስተኛው አምፕሊፋየር ነው፤ ደካማውን ኤሌክትሪክ ያበረታል። አራተኛው ስፒከር ነው፤ በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን በኤሌክትሪኩ ኃይል እየተንቀጠቀጠ አየሩን ይገፋል፤ አየሩም ድምፁን ወደ ጆሮ ያደርሳል።

ማይክሮፎኑ በስፒከሩ ፊት ቢቆም ግን የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባል፤ ደግሞም በርትቶ ይወጣል። እንዲህ እየተመላለሰ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ ብልህ ዲጄ ማይክሮፎኑን ከስፒከሩ በስተኋላ ያደርገዋል።

የድምፅ ብርታት በዴሲቤል ይለካል። ጆሮ 85 ዴሲቤል የሆነውን ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ቢታገሥ፥ 100 ዴሲቤል የሆነውን ግን ከ15 ደቂቃ በላይ ሊታገሥ አይገባውም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉ እጅግ ደቃቅ ሕዋሳት አሉና፤ እነርሱም አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም።

በድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌና ሕፃን አሉ። በጎረቤትም ሕመምተኛ ወይም አራስ ትኖር ይሆናል። መሣሪያው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የሰጡትን ብቻ ያጎላል። ልክን የሚያውቅ የሰው ልብ ነው። ስለዚህ ድምፅን ማጉላት የተማረ ሰው ዝቅ ማድረግንም ይማር።