ከጥርጣሬ ወደ ማረጋገጫ፦ የአንድ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር ባሕርያት

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. 2^136279841 − 1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ተረጋገጠ። ያገኘው በሜርሴን ብቸኛ ቁጥሮች ዓለም አቀፍ ፍለጋ የተሳተፈው አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ሲሆን፣ ቁጥሩ በወቅቱ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የላቀ ነበር። 41,024,320 አሃዞች አሉት። ለእያንዳንዱ አሃዝ 2 ሚሊ ሜትር ብንመድብ ጽሑፉ 82 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች የሚያገናኘውን 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከሦስት ጊዜ በላይ ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ እንደሌለው በምን ይታወቃል?

የ2^ሀ − 1 ቅርጽ ያላቸው ቁጥሮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ፈረንሳዊ መነኩሴ በማሪን ሜርሴን ስም ይጠራሉ። በሁለትዮሽ ሥርዓት ሲጻፉ ሀ ያህል 1ዎች ብቻ ናቸው። ሀ የለ እና የሐ ብዜት ከሆነ 2^ለ − 1 ቁጥሩን ያለ ቀሪ ያካፍለዋል፤ ስለዚህ ሀ ራሱ ብቸኛ መሆን አለበት። ይህ ግን በቂ አይደለም፤ 11 ብቸኛ ቢሆንም 2^11 − 1 = 2047 = 23 × 89 ነው።

የፌርማ ፈተና እዚህ ላይ ያታልላል። በፈተናው መሠረት ቀ ጎዶሎ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ 2^(ቀ − 1) ለቀ ሲካፈል 1 ይተርፋል። 2^11 = 2048 ለ2047 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ 2046 ደግሞ 11 × 186 ስለሆነ የ2^2046ም ቀሪ 1 ነው። እንግዲህ 2047 ብቸኛ ሳይሆን ፈተናውን አለፈ። ማለፍ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ማረጋገጫው የሉካ–ሌመር ፈተና ነው። ሀ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ሲሆን ከ4 እንነሣለን፤ በየእርምጃው ቁጥሩን በራሱ አባዝተን 2 እንቀንሳለን፤ ውጤቱን ለ2^ሀ − 1 አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። ከሀ − 2 እርምጃዎች በኋላ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። ለ31 ቀሪዎቹ 14፣ 8፣ 0 ናቸው። ለ2047 ግን ዘጠነኛው ቀሪ 1736 ነው፤ የፌርማ ፈተና ያሳለፈው ቁጥር እዚህ ወደቀ።

ቀሪን ብቻ ይዞ ማስላት ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የ2017 ዓ.ም.ን አጽዋማትና በዓላት ሲያወጣ 7517 ዓመተ ዓለምን ለ19 አካፍሎ 12ን ይይዛል። በሜርሴን ቁጥሮች ደግሞ 2^ሀ ቀሪው 1 ስለሆነ ማካፈል እንኳ አያሻም፤ ከሀ አሃዞች የተረፉትን የሁለትዮሽ አሃዞች ቆርጦ ከታችኞቹ ጋር መደመር ይበቃል። 136,279,839 እርምጃዎችን በኮምፒውተር መጨረስ የተቻለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

በጥናታችን «ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» የሚባለውን «ብቸኛ ነው» ከሚባለው መለየት የሚገባንም ስለዚህ ነው።