ጀርመን ተወልዶ ጥገኝነት ጠያቂ

እ.ኤ.አ. በ2020 ጀርመን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረቡት 102,581 የጥገኝነት ማመልከቻዎች መካከል 26,520ው እዚያው ለተወለዱ፣ ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት የቀረቡ ነበሩ። ከአራት አመልካች አንዱ ድንበር አልተሻገረም ማለት ነው። ቁጥሩን ከአዲስ መጤዎች ጋር ደምሮ ስለ ድንበር ጥበቃ የሚከራከር ሰው ያለ ቦታው ይጠቀምበታል።

ጀርመን ውስጥ መወለድ ብቻውን ዜግነት አያሰጥም። ወላጆቹ የውጭ ዜጎች ከሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ለዓመታት በሕጋዊ መንገድ የኖረና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ውሳኔ የሚጠብቁ ወይም ማመልከቻቸው ውድቅ ሆኖ ያለ ፈቃድ የቀሩ ወላጆች ልጅ ሲወልዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ጥገኝነት ሕጉ የገባው አንቀጽ 14ሀ ልደቱ ሳይዘገይ ለፌዴራሉ የስደተኞች መሥሪያ ቤት፣ ለባምፍ፣ እንዲነገር ያዛል። ወላጆቹም የውጭ ዜጎች ቢሮውም የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። መልእክቱ ባምፍ እንደደረሰ በሕፃኑ ስም ማመልከቻ እንደገባ ይቆጠራል። ደንቡ የወጣው ወላጆች የልጆቻቸውን ማመልከቻ ተራ በተራ እያስገቡ መባረርን እንዳያራዝሙ ነበር። ስለዚህ «በልጅ አሳበው ይቆያሉ» የሚለው ወቀሳ መልስ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑን አመልካች ያደረገው ሕጉ ራሱ ነው።

ትልቁ ችግር የሕፃኑ ጉዳይ የወላጆቹ ፋይል ቅጂ ተደርጎ መታየቱ ነው። አባት ስለ ፖለቲካ የተናገረው ባይታመን እንኳ፣ አራስ ልጁ እሱን የማያሰጋው አደጋ ሊኖርባት ይችላል። የሴት ልጅ ግርዛት ዋነኛው ነው። ለምሳሌ ኢትዮጵያ በወንጀል ሕጓ ከልክላዋለች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል፤ በሶማሌ ክልል ደግሞ ያልተገረዘች ማግኘት ይቸግር ነበር። ጀርመን የግርዛትን ስጋት በፆታ ላይ የተመሠረተ ማሳደድ አድርጋ ትቀበላለች። ውሳኔ ሰጪው የሚመዝነው እናትና አባት ልጃቸውን ከአያቶችና ከዘመድ አዝማድ ግፊት መጠበቅ ይችሉ እንደሆነ ነው። እናቲቱ ራሷ መገረዟ፣ የትውልድ አካባቢዋ፣ የታላላቅ እህቶች ዕጣ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው፤ ግን ካልተናገሩት አይታይም። ለባዕድ አስተርጓሚ፣ ያውም ወንድ ከሆነ፣ ይህን መናገር ለስንቷ እናት እንደሚከብድ አገሬው ያውቀዋል። ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ወላጆች በልጁ ስም ማመልከቻውን መተውም ይችላሉ፤ ልጁን የሚያሰጋው ነገር እንደሌለ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው። የሴት ልጅ ወላጆች የሕግ ምክር ሳያገኙ ይህን ወረቀት መፈረም የለባቸውም።

ልጅቷ ስታሸንፍም ቤተሰቡ ወዲያው አያርፍም። ወላጆች ከልጃቸው ከለላ እንዲካፈሉ ሕጉ ቤተሰቡ አስቀድሞ በአገር ቤት የነበረ መሆኑን ይጠይቃል፤ ጀርመን ለተወለደች ልጅ ወላጆች ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው። የእነሱ የመቆየት ጉዳይ ከጥገኝነት ሕጉ ወጥቶ በመኖሪያ ፈቃድ ሕጉ፣ በሌላ ቢሮ እንደገና ይጀመራል።