«ገጠር ስኳር የለም» የሚባለው ነገር

ቡና ላይ ስለ ስኳር በሽታ ከተነሳ አንድ ሰው «የከተማ በሽታ ነው፣ ገጠር እኮ ስኳር የለም» ማለቱ አይቀርም። ሌላው «እሱስ ልክ ነህ፣ አባቶቻችን መቼ ያውቁትና» ብሎ ይደግፈዋል። ቶናው እስኪደርስ ቤቱ በሙሉ ተስማምቷል። አባባሉን ለማረም ከባድ የሚያደርገው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

ግማሹ እውነት ይኸውላችሁ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ጎንደር አካባቢ፣ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ነበር። ከከተማው ነዋሪ 5.1 በመቶው፣ ከገጠሩ ደግሞ 2.1 በመቶው ስኳር ተገኝቶበታል። ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ዳገት ሲወጣ የሚውል ሰው ጡንቻው በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ይጠቀምበታል። ከወንበር ታክሲ፣ ከታክሲ ሶፋ የሚል ሰው ግን ቦርጭ ያወጣል፤ ሆድ አካባቢ ስብ ሲጠራቀም ደግሞ ኢንሱሊን እንደ ልቡ መሥራት ያቅተዋል። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በአብዛኛው የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ያው ጥናት ግን ቡና ላይ የማይነሳ ሌላ ቁጥርም ይዟል። ስኳር ከተገኘባቸው የገጠር ሰዎች ከአስሩ ስምንቱ ያህል እስከዚያች ቀን ድረስ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ከከተማዎቹም ከአስሩ ስድስቱ አያውቁም። እንግዲህ በሐኪም ቤት መዝገብ ብቻ ብንቆጥር ኖሮ የከተማው ቁጥር የገጠሩን አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ይታየን ነበር፤ በደም ምርመራ ሲታይ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም። «የለም» ከምንለው ብዙው «አልተለካም» ማለት ነው። ድሮ ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው «ስኳር ነው» ይሉ የነበሩ አዛውንቶች ቢያንስ ምልክት ይፈልጉ ነበር።

«ከሲታ ሰው ስኳር አይዘውም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ስህተት ይመስለኛል። ጎንደርና ጅማ ከገጠር የሚመጡ የስኳር ሕሙማንን የተከታተሉ ሐኪሞች ያዩት ተቃራኒውን ነው፤ ብዙዎቹ ወጣት፣ ቀጭን፣ ድሃና ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉ ናቸው። በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ቆሽትን ሳይጎዳው አይቀርም የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር ብሎ ለብቻው መድቦት፣ በ1999 መልሶ ሰረዘው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀበለው። «የጥጋብ በሽታ» የምንለው ስም ለእነዚህ ሰዎች ስድብ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሩ ራሱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጥናት የሚቆጥረው በሕይወት ያለውን ሰው ነው። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ልጅ ካላገኘ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞታል፤ ከቁጥሩም ይወጣል። ገጠር ላለ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ማግኘት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ፍሪጅ በሌለበት ቤት ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ ውሃ ካለበት እንስራ አጠገብ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጥግ ፈልጎ ማኖር አለበት። ሲያልቅ ደግሞ ግማሽ ቀን ተጉዞ ከተማ መድረስ ነው። ስለዚህ የአንድ ወረዳ ቁጥር ዝቅ ሲል አንዳንዴ ጤና ነው፣ አንዳንዴ ግን ቀብር ነው። ሕክምናው የተሻለበት ከተማ ቁጥሩ ከፍ የሚለውም ከፊሉ ሕመምተኛው ስለሚኖር ነው።

«የዘር ጉዳይ ነው» ለሚሉ ደግሞ ከእኛው የወጣ ምስክር አለ። በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር ብዙም አይታይባቸውም ነበር። ዛሬ ከሌላው የአገሩ ነዋሪ በበለጠ፣ ያውም በወጣትነታቸውና ብዙም ሳይወፍሩ ይያዛሉ። ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ማዕዱና የቀን ውሎው ነው። ዘር ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ በትንሽ ክብደት መያዛቸው እሱንም ያስጠረጥራል።

ለበዓል ገጠር ስትወርዱ ውሃ የማይጠግብ፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ፣ እየበላ የሚከሳ ዘመድ ካያችሁ ጠበሉን ሳታስተዉት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በተለይ ልጅ ከሆነ አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሩ። ለሌላው ጎልማሳ ዘመዳችሁም ጣቱን ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም መስጠት ነው፤ በባዶ ሆድ ስኳሩ በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ይደገምለት።