ዓሣም የዘር ጊዜ አለው

«ዓሣ መብላት በብልሃት» ይባላል። ይህ የተባለው እሾሁ ጉሮሮ እንዳይወጋ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምናየው ግን ሌላ ብልሃት ነው። ዓሣ ከወንዝና ከሐይቅ ሳይጠፋ እንዴት ይጠመዳል? ገበሬስ በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ እንዴት ያረባዋል? በዚህ ላይ ተመራማሪዎች ብዙ ዓመት ደክመው ያገኙት እውቀት አለ።

ነገሩ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ ገበሬ ሩቅ ሊመስል ይችላል። «የእኛ አገር የጤፍና የስንዴ አገር ነው፤ ዓሣ የጣና ሰው ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጨሞጋም ሆነ ሙጋ ከጮቄ ተነሥተው ዓባይ ነው የሚገቡት። ፍኖተ ሰላም አጠገብ የገራይ ግድብ፣ መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ አሉ፤ ከሁለቱም ዓሣ ይጠመዳል። ጾም ሲገባ ደግሞ በከተማ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ስለዚህ ነገሩ እኛንም ይመለከታል።

በቅድሚያ ጣናን እንይ። ምክንያቱም በአገራችን ስለ ዓሣ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙ ትምህርት የተገኘው ከዚያ ነው።

የጣና አጥማጅ ዓሣውን በሦስት ስም ይጠራዋል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይለዋል። ቆሮሶ ሰፊ ጎን ያለው፣ በምግብ ቤት ተጠብሶ የሚቀርበው ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ጢም አለው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዘር አይደለም። ተመራማሪዎች አጥንቱንና አፉን እየለኩ፣ የሚበላውን ከሆዱ እያወጡ ሲመረምሩት 15 ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ትል ይለቅማል፣ አንዱ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን ይፍቃል፣ አንዱ ሌላውን ዓሣ እያሳደደ ይውጣል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ሽቅብ እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ ከላይ የቀሩት ለብቻቸው ተዋልደው፣ ለብቻቸው ተለያዩ።

በሩቅ ምሥራቅ፣ በፊሊፒንስ አገር፣ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እዚያም እንደዚሁ ከአንድ ግንድ የወጡ ብዙ ዓይነት ዓሦች ነበሩ። ከውጭ የመጣ ዓሣ ተጨመረባቸው፤ ማጥመዱም በዛ፤ ዛሬ አብዛኞቹ የሉም። እንዲህ ያለ የነጭ ዓሣ ዘመድ ስብስብ የቀረው ጣና ላይ ነው።

ታዲያ ነጭ ዓሣ የት ይወልዳል? ይህ ነው ዋናው ጥያቄ። ከ15ቱ ቢያንስ 7ቱ ሐይቁ ውስጥ አይወልዱም። ክረምቱ ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ሽቅብ ይሄዳሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይጎርፋሉ። ውሃው ጥርት ብሎ በጠጠር ላይ የሚፈስበት ቦታ ላይ ደርሰው እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። ጠጠሩ ለምን አስፈለገ? እንቁላል አየር ይፈልጋል፤ ጭቃ ከለበሰው ታፍኖ ይሞታል። በጠጠር ላይ የሚፈስ ውሃ ግን አየር ይዞ ያልፋል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ እያደጉ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

ዓሦቹ ሽቅብ ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በዚህ ጊዜ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል። የሚያገኘው ግን ምንድን ነው? ሆዷ እንቁላል የሞላ እናት ዓሣ ነች። ገበሬ በግንቦት ለዘር ያስቀመጠውን እህል ከጎተራ አውጥቶ አይፈጭም። ቢፈጭ ያን ሳምንት ይጠግባል፤ በመኸር ግን የሚያጭደው የለውም። በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚጥል ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ድሮ በጣና ላይ የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ወገኖች ነበሩ። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከዳር ዳር እየቀዘፉ፣ ለቤታቸውና ለቅርብ ገበያ የሚበቃቸውን ያወጡ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ግን ከሆላንድ አገር በመጣ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ማጥመዱም ወደ ሐይቁ መካከልና ወደ ሩቆቹ የወንዝ አፎች ተዳረሰ። ዓሣው እስከ አዲስ አበባ ይሸጥ ጀመር። ለአጥማጁ ጥሩ ገቢ ሆነለት። ይህንን ማንም አይነቅፍም። ጉዳቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው።

የሆላንድ አገር ተመራማሪዎች ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ቦታ እያጠመዱ ዓሣውን መዘኑ። ከ1991 እስከ 1993 ዓ.ም. ተመልሰው እንደገና መዘኑ። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት የነጭ ዓሣው ክብደት ከአራት ሦስት እጁ ያህል ጎደለ። አራት ቅርጫት ይወጣ ከነበረበት አንድ ቅርጫት ቀረ ማለት ነው። የጫጩቱማ ከዚያ የባሰ ነበር። በቂ እናት ካልወለደች ጫጩት ከየት ይመጣል? በሐይቁ ውስጥ ስለሚወልዱት ዓሦች ግን እንዲህ ያለ ጩኸት አልተሰማም። በዚህም የጉዳቱ ምክንያት በወንዞቹ አካባቢ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ነጭ ዓሣ ማሽቆልቆሉን እንዳላቆመ ያሳያሉ። ለመስኖ ወንዝ ሲጠለፍ፣ አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ሲወጣ፣ በርብ ላይ እንደተሠራው ያለ ግድብ መንገዱን ሲዘጋ፣ እናት ዓሣ የምትወልድበት ቦታ ይጠባል። ግድብ አይሠራ፣ መስኖ አይጠለፍ አንልም፤ ለዓሣ የሚሆን ውሃ ማስቀረት ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ብርብራ ነው። ይህን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በእጅ መልቀም ነው። ምን ሆኖ ነው? በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ቅመም አለ። ይህ ቅመም ዓሣው በመተንፈሻው የገባውን አየር ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ዓሣው ውሃ መካከል ሆኖ ይታፈናል ማለት ነው። መረብ ትንሹን አሳልፎ ትልቁን ይይዛል። ብርብራ ግን አይመርጥም። ጣት የማታክለው ጫጩት፣ ዓሣ የሚመገባቸው የውሃ ትሎች፣ ሁሉም አብረው ይሞታሉ። አንድ ሰው ለአንድ ቀን ወጥ ሲል ያንን የወንዝ ክፍል ባዶ ያደርገዋል። በልጅነታችን እንደ ጨዋታ ያየነው ነገር ነው፤ ጨዋታ ግን አልነበረም።

በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ወጥቷል። ቁጥሩ 315 ነው። አዋጁ መኖሩ ደግ ነው። ቢሆንም በሌሊት በየወንዙ አፍ የሚቆም ዘበኛ የለም። በወንዙ ዳር የሚኖረው ገበሬ ራሱ «ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በዚህ ቦታ መረብ አይጣልም፤ ብርብራ አይነካም» ብሎ ካልተስማማ፣ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ዓሣ የፈለገ ገበሬ ታዲያ ምን ያድርግ? አንዱ መንገድ ኩሬ ነው። በኩሬ ግን ችግሩ ተገልብጦ ይመጣል። በወንዝ ላይ ዓሣው ሳይዋለድ ይያዛል፤ በኩሬ ውስጥ ግን ከመጠን በላይ ይዋለዳል።

በኩሬ ብዙ ጊዜ የሚረባው ቆሮሶ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የሚሞትባት ጥቂት ነው። ውሃው ሞቅ ካለ በጥቂት ወር ውስጥ ደርሳ ትወልዳለች፤ ደግማ ደጋግማም ትወልዳለች። ኩሬው በሺህ በሚቆጠር ጫጩት ይሞላል። ምግቡ ለሁሉም አይበቃም። በመጨረሻ ገበሬው ውሃውን ሲያፈስ የሚያገኘው ጣት ጣት የሚያህል ዓሣ ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው «ዓሣ እርባታ አይረባም» ብሎ የተወው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ወንድ ወንዱን ብቻ መርጦ ማስቀረት ነው። ወንዱ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሴቷ እንቁላል በአፏ ስትይዝ ስለማትበላ ትዘገያለች። ዓሣው የመዳፍ ያህል ሲሆን ገልብጦ ከሆዱ በታች ወደ ጅራቱ ማየት ነው። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሴቷ ሦስት። ዓይን እስኪለምደው ያስቸግራል፤ ከባለሙያ ጋር ሆኖ መለማመድ ይሻላል። ሁለተኛው መፍትሔ ቆሮሶው ትንሽ ካደገ በኋላ ከእሱ የሚያንሱ ጥቂት አምባዛዎች መጨመር ነው። አምባዛ ትርፉን ጫጩት እየበላ ያሳንሰዋል። እሱም ይሰባል።

ለደጋው ሰው ግን ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ብርድ ነው። ቆሮሶ የቆላ ዓሣ ነው። ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ደህና ያድጋል። ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል። ከ16 በታች መብላት ይተዋል። ውሃው 10 እና 12 ዲግሪ ድረስ ከቀዘቀዘ ይሞታል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ስናን ከዚያ ይበልጣል፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ያለ መሬት ላላቸው ቆሮሶ ይሆናል። ለላይኛው ደጋ ብርድ የሚችለው ካርፕ የሚባለው ዓሣ ይሻላል።

ኩሬው የት ይቆፈር? ውሃ የማያሰርግ መሬት ላይ ነው። አካፋ ከማንሣት በፊት እንዲህ ሞክሩት። እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በጧት ውሃ ሙሉበት። ማታ ላይ የጎደለውን ሞልታችሁ በቅጠል ሸፍኑት። በማግሥቱ አብዛኛው ውሃ ካለ መሬቱ ይሆናል። ካለቀ ሌላ ቦታ ሞክሩ። ዋልካ ውሃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ስለሚሰነጠቅ ኩሬው ባዶ ሆኖ እንዳይቆይ ማድረግ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ኩሬ ይበቃል። በአንድ በኩል ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው አንድ ሜትር ከ20 ይሁን። ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ቢደረግ 200 ጫጩት ይይዛል። ጫጩት ከወንዝ ተለቅሞ አይመጣም። ዘሩ ከታወቀ ቦታ ይገኛል፤ በባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ በሰበታም አለ። መንገዱን የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳያል።

ምግቡስ? ከኩሬው ጥግ እንጨት ተክሎ የዶሮ ኩስና የከብት ፋንድያ ማጠራቀም ነው። ውሃው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ይሆናል። ያ አረንጓዴ ነገር ለዓሣ እንደ ግጦሽ ነው። መጠኑን በክንዳችሁ ለኩት። እጃችሁን ውሃው ውስጥ እስከ ክርን ስትከቱ መዳፋችሁ ከዓይን ከጠፋ ልክ ነው። ገና አንጓው ጋ ሲደርስ ከጠፋ ፋንድያው በዝቷል። ጧት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካያችሁ አየር አንሷቸዋል። ፋንድያውን አቁማችሁ ንጹሕ ውሃ ልቀቁበት።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ካርፕ ከውጭ የመጣ ዓሣ ነው። ከኩሬ አምልጦ ወንዝ ከገባ የአገሩን ዓሣ ቦታና ምግብ ሊቀማው ይችላል፤ የላናኦን ነገር አንሥተናል። ስለዚህ የኩሬው ማፍሰሻ አፍ በጥቅጥቅ ወንፊት ይጋረድ። ዓሣው ተለቅሞ ኩሬው የሚፈስ ዕለትም ውሃው ወደ ወንዝ አይለቀቅ። በቦይ ወደ ጎመኑና ወደ ሽንኩርቱ መደብ ይመራ፤ የኩሬው ጭቃ ማዳበሪያ ነው።